እሜቴን የገዛው አናጺ

እሜቴ የሰው ስም አይደለም። ክብ ክብ ዓይን ያላት፣ ሰማያዊ ቀለሟ በፀሐይ ብዛት የደበዘዘ፣ ከልጅቷ በዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ መኪና ናት። ስሙን ያወጡላት የልጅቷ አባት፣ የሒሳብ መምህሩ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሳትለመን አትነሳማ! «እሜቴ፣ እባክሽ፣ ተማሪዎቼ ፊት አታዋርጂኝ» ይሏት ነበር መሪዋን መታ መታ እያደረጉ። ሒሳብ ሲያስተምሩ የሚፈሩ ሰው መኪና ሲለማመጡ ማየት ለጎረቤት ነጻ ትርዒት ነበር።

ልጅቷ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። የሰው ዓይን ስትመረምር ውላ እየገባች፣ የአባቷ ዓይን መድከሙን ግን ላለማየት ስትታገል ከረመች። አንድ ቀን አባቷ በጠራራ ፀሐይ የጎረቤታቸውን የብረት በር ገጩና «ማነው እዚህ በር ያቆመው?» ብለው ተቆጡ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በሩ ሥር ሲጫወቱ የነበሩት ሕፃናት ወደ ቤት የገቡት ገና አሁን ነበር። በዚያው ሳምንት መኪናዋ ትሸጥ አለች፤ አባቷ ቢያኮርፉም ቃሏን አላጠፈችም።

የገዛት አናጺ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ የማይጠፋ ወጣት። ኮፈኗን እንኳ አላስከፈተም።

«ምን ትወዳለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ማ? መኪናዋ?»

«አዎ። ያረጀ ነገር ሁሉ የራሱ አመል አለው።»

«መለመን ትወዳለች» አለች ልጅቷ፣ ሳቋ አምልጧት።

ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ ማናቸውም ዓይናቸውን ለመንቀል አልቸኮሉም። ቁልፉን ስትሰጠው ጣቶቿ መዳፉ ላይ ትንሽ ቆዩ። ስለ መኪናዋ የምትነግረው ብዙ ነገር ነበራት፤ አንዱም ትዝ አላላትም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እሜቴ ትቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ ያያሉ። እሷም ብትሆን ናፍቃታለች። ልጅ ሳለች፣ ዝናቡ ጣሪያዋን እየደበደበ፣ የኋላው ወንበር ላይ ሳትተኛ እንደተኛች ሆና በአባቷ እቅፍ ትወርድ ነበር።  ቢሆንም ያደረገችው አይቆጫትም።

አንድ ቀን እሜቴ መጥታ መነጽር ቤቱ ፊት ለፊት ቆመች። ልጅቷ አናጺውን ስታየው መጀመሪያ ልቧ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ግን ቀልቧ ተገፈፈ። ሊመልሳት ነው! እሜቴ ከተመለሰች አባቷ መሪ ይጨብጣሉ፤ መሪ ከጨበጡ ደግሞ ማን ያስቆማቸዋል?

«እትዬ፣ የለችም ይበሉልኝ!» ብላ ባንኮኒው ሥር ገባች።

ባለ ሱቋ ቁልቁል እያዩ «የለችም» አሉት።

አናጺው ከባንኮኒው ሥር የወጣውን ጫማ ትንሽ አየና «እሺ፤ ስትመጣ፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ በሏት» ብሎ ሄደ።

ተመለሰም። እሷም ጓዳ ተደበቀች። ሲሄድ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየችው በገዛ ራሷ ተናደደች።

«ልጄ፣ ይሄ ልጅ መኪና ሊመልስ የመጣ አይመስልም» አሉ ባለ ሱቋ። «ፀጉሩን ተቆርጧል።»

ልጅቷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ደግነቱ፣ አባቷ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነፍስ ዘርተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮታቸውን ለብሰው «ነፋስ ልቀበል» ብለው ይወጡና እያንጎራጎሩ ይመለሳሉ። እሷም ደስ ስላላት ብዙ አልጠየቀችም።

አንድ ቅዳሜ አዲስ መነጽር ሠርታላቸው፣ ልታስገርማቸው ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። አባቷ ቤት የሉም፤ በረንዳም ላይ የሉም። በሯ የተገጨባት ጎረቤት ብቅ አለች።

«አባትሽማ በመኪናችሁ ሄዱ! እንደ ሙሽራ ተኮፍሰው!»

«ማነው የሚነዳው?»

«እኔ ምኑን አየሁት? እኔ በሬን ይዤ ነበር።»

ልጅቷ በሩጫ አናጺው ግቢ ደረሰች። የእሜቴ ሞተር ከአጥሩ ወዲያ ሲያጓራ ይሰማል። በሩን በርግዳ ገባች። መሪው ላይ አባቷ ናቸው፤ ደረታቸውን ነፍተው ነዳጅ ይረግጣሉ። አናጺው ደግሞ መኪናዋ ፊት ለፊት ቆሞ መብራቷን ይወለውላል።

«አባዬ! ፍሬን! ፍሬን ያዝ!»

አናጺው ዞር ብሎ አያት እንጂ አልሸሸም። መኪናዋም ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ልጅቷ ዝቅ ብላ ተመለከተች። የኋላ ጎማዎቹ በአየር ላይ ይሽከረከራሉ። የእሜቴ ወገብ በወፋፍራም ግንድ መቆሚያ ላይ ተሰቅሏል፤ የፊት ጎማዎቿም በግራና በቀኝ በእንጨት ታግደዋል።

ሰጋቱራው ላይ ዘጭ አለች። እፎይ አለች። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ ራሷም አላወቀችውም።

አናጺው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «አባትሽ ደወሉልኝ። የእሜቴን ድምፅ ብቻ አሰማኝ አሉኝ። ሲሰሟት ግን እጃቸው መሪ ፈለገ። እምቢ ማለት አቃተኝ፤ እሺ ማለትም ፈራሁ። እንግዲህ እኔ የማውቀው እንጨት ነው። አንቺን ሳላስፈቅድ መሆኑ ከንክኖኝ ሱቅ ድረስ ብመጣ፣ የለችም ተባልኩ።»

«ልትመልሳት የመጣህ መስሎኝ ነው!»

«ሞኝ ነኝ እንዴ? ያንቺን ደጅ የምረግጥበት ሰበቤ እሷ አይደለች!»

ልጅቷ አቀረቀረች። ጆሮዋ ድረስ ሞቃት።

አባቷ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ዓይኔን እኔም አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ አውጣኝ አላልኩትም። አሁን ትሳፈራላችሁ ወይስ ልሂድ?»

ሁለቱም ከኋላ ተሳፈሩ። አባቷ ማርሽ እየቀያየሩ መንገዱን ያወራሉ፦ ይሄ የትምህርት ቤቱ ዳገት፣ ያ ድልድዩ፣ ያቺ ደግሞ እናትሽ ቆማ የጠበቀችኝ ማዕዘን። በመስኮቱ የሚታየው ግን አጥሩን ተደግፎ የቆመ ጣውላ ነው። አናጺው እጇን ያዘ። አላስለቀቀችውም።

«ቅዳሜ የእሳቸው ነው» አለ በዝግታ። «እሑድ እሑድ ጎማዋን መሬት እናስነካት? እኔና አንቺ። ከዚያም… የቀረውንም ዕድሜ።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ጣውላውን አየች።

«በይ መልሽለት እንጂ!» አሉ አባቷ ከፊት፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ልንደርስ ነው።»

«እሺ» አለች፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ።

አባቷ ማርሽ ቀየሩና ነዳጅ ረገጡ።