ከሚኒባሱ ሥር

«ውጪ ብያለሁ!» አለ አባቷ።

«መሪውን ካልነቀነቅክልኝ አልወጣም» አለች ችኮ ከሚኒባሱ ሥር ሆና። ከውጭ የሚታየው የዩኒፎርም ካልሲዋ ብቻ ነበር።

ችኮ ያሏት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ አንዴ የያዘችውን አትለቅማ። አባቷ የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ በር ከፍታ የምታሳፍራቸው ደግሞ እሷ ናት። ትናንት አልነሳ ያለውን ሚኒባስ ግቢ ውስጥ እሱ ሲገፋ፣ መሪውን የያዘችው ችኮ ነበረች። ስታዞረው መጀመሪያ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ጎማው የሚታዘዘው ዘግይቶ ነው። ብትነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መንገዱ ነው፣ ጎማው አየር አንሶት ነው፣ አንቺ መቼ መንዳት ቻልሽና... ሰበብ ሞልቶታል። እሷ ግን ገብቷታል፤ እጁ ብልሽቱን ለምዶታል። ሳይታወቀው፣ መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ቀድሞ ነው የሚያዞረው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» አለ አባቷ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ እየተሰበሰቡ ነው። እያጉረመረመ ገባና መሪውን ግራና ቀኝ ነቀነቀው።

ችኮ የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያዝበት መጋጠሚያ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ቋ! ቋ! ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ጎማው ንቅንቅ አይልም። መጋጠሚያው ተበልቶ ላልቷል። ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ቢላቀቅስ?

«አሁን አንተ ግባና ንካው፤ እኔ ልነቅንቀው» አለች ወጥታ።

«በዚህ ሸሚዝ?»

«በዚሁ ሸሚዝ።»

ገብቶ ተጋደመ። እሷ መሪውን ስትነቀንቅ ከሥር ማጉረምረሙ ቀስ በቀስ ጠፋ። አቧራውን እያራገፈ ሲወጣ ፊቷን ማየት አልፈለገም።

«ከሰዓት ጋራዥ አስገባዋለሁ። ለዛሬ ጠዋት ብቻ ቀስ ብዬ ላድርሳቸው። ተበላሸ ካልን ወላጆቻቸው ነገ ሌላ ሹፌር ነው የሚይዙት። አደራ፣ ዝም በይ።»

እውነቱን ነው። ሥራውን ቢያጣ ቤታቸው ምን እንደሚሆን አሳምራ ታውቃለች። ግን ያ ቋቋታ አሁንም መዳፏ ላይ አለ። ተናደደች፤ አባቷን እየወደደችው፣ እያሳዘናትም ተናደደች።

ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ቦርሳውን እየጎተተ መጣ። «በሩን አትከፍቺልንም እንዴ?»

«አልከፍትም። መሪው ተበላሽቷል» አለች፣ አባቷ እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ዛሬ በእግራችን ነው የምንሄደው። እጅ ለእጅ ተያያዙ!»

«አንቺ!» አለ አባቷ።

የልጁን ቦርሳ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ትልልቆቹን ከኋላ፣ ትንንሾቹን ከመሃል አደረገችና እሷ ከፊት ሆነች።

አባቷ ከግቢው በር ሆኖ ደግሞ ጠራት። አልዞረችም።