‹አንተ› የሚለው መልእክት

ሞካሪዋ የደረጃውን ብረት ይዛ ቁልቁል ስታይ፣ አለቃዋ ከታች በጀርባው ተዘርሯል። የጥበቃ ሠራተኛው «ኧረ ሰው ጥሩ!» እያለ ይጮኻል። መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ ግን ስለ ሟቹ አልነበረም፤ «ወንድሜ የት ነው?» የሚል ነበር።

ሌሎች የጻፉትን ፕሮግራም ፈትሻ ስሕተት መልቀም የእሷ ሥራ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ እዚያው ቢሮ ፕሮግራመር ነው። ትናንት አለቃው በሰው ፊት «ቁጥሩ እንደሚለው ለዚህ ቡድን አትሆንም» ቢለው፣ ወንበሩን ገፍትሮ ተነሥቶ «ቆይ፣ አሳይሃለሁ!» ብሎት ነበር። ሁሉም ሰምቷል። የወንድሟን ንዴት ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች።

አለቃውን በሌለበት «ሚዛን» ይሉት ነበር። የሶፍትዌር ቡድን በትውውቅና በግምት አይዋቀርም ባይ ነው። ማን ማንን እርዳታ ይጠይቃል፣ ማን ስሕተቱን ይደብቃል፣ ስብሰባ ላይ ማን የማንን ንግግር ያቋርጣል፣ ሁሉንም ያስለካል። ልኬቱም ትልቁን «እርስዎ» የሚል ወጣት የትልቁን ስሕተት አይቶ ዝም እንደሚል አሳየው። በዚህ የተነሣ «እርስዎ»ን ከቢሮው አባረራት። ባለ ሽበቱ አንጋፋ ፕሮግራመር ሳይቀር «አንተ» ሆነ። ሰሞኑን የሰው ምላስ እንደ ሰካራም እግር ሲወላገድ ከረመ።

መርማሪዋ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን እየጠረገች መጣች። አጭር፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት። አንጋፋው የራሱን ስልክ አቀበላት። አስከሬኑ አጠገብ ቆሞ ሳለ ከሟቹ ስልክ የደረሰው መልእክት ነው፦ «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ቡድኑን አንተ ያዝ። ይቅር በለኝ።»

«ራሱን አጥፍቷል ማለት ነው» አለ የመረጃ ተንታኙ ዐይኑ እንባ አቅርሮ። እነዚያን ቁጥሮች የሚሰበስበውና የሚያሰላው እሱ ነው።

«የሟቹ ስልክ የት ተገኘ?»

«ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ» አለ ጥበቃው። «መቆለፊያም የለው። ሁልጊዜ ክፍት ነው።»

«ታዲያ ወድቆ የሞተ ሰው ተነሥቶ፣ ደረጃ ወጥቶ ጻፈ?» መርማሪዋ አነጠሰች። «ሲወድቅ ፎቅ ላይ ማን ማን ነበረ?»

ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ሞካሪዋ፣ ወንድሟና ተንታኙ።

ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ከእነዚህ አንዱ ነው ብላ ስታስብ ሞካሪዋን ብርድ ብርድ አላት። ተንታኙ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ «አይዞሽ» አላት። ወንድሟ ግን ጥፍሩን እየበላ መስኮቱን ያያል።

የሞካሪዋ የመጠየቅ ተራ ደረሰ።

«ሲወድቅ ወንድምሽ የት ነበረ?»

«አጠገቤ።»

ውሸት ነው። መርማሪዋ አንድ ጊዜ አየቻትና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

አንጋፋው ብርጭቆ መጨበጥ እንኳ ስላቃተው፣ ሞካሪዋ ውኃውን ይዛለት ከጎኑ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት።

«ከሟቹ ጋር ይቀራረቡ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ጠዋትና ማታ በአንድ መኪና ነው የምንመላለሰው። ይቺ ልጅና ወንድሟም አብረውን ናቸው፤ ትናንት ማታ ግን በኩርፊያው ቀሩ። ያን ጊዜ ነው ‹ጋሼ፣ ቁጥሩ ተነካክቷል። ያንን ልጅ በድዬዋለሁ። ነገ ስብሰባ ላይ አወጣዋለሁ› ያለኝ።»

«ማን እንደ ነካካውስ?»

«አልነገረኝም።» አንጋፋው ስልኩን አየ። «ምን አስቀይሜው ይሆን? መጨረሻው ላይ እንዲህ…»

ሞካሪዋ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወንድሟ ይህን አልሰማም ነበር። አለቃው እንደ ተጸጸተ ሳያውቅ፣ በንዴቱ ገፍቶት ቢሆንስ?

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስብሰባ አዳራሹ ገቡ። መርማሪዋ በሩን ዘጋች።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ካንተ ልጀምር» አለች ወደ ተንታኙ ዞራ። «ሟቹ ከቢሮ ውጭ አንጋፋውን ምን ብሎ ነበር የሚያናግራቸው?»

«‹አንተ› ነዋ!»

«ከቢሮ ውጭም?»

«ያው ነው! ከሰበሰብኩት መልእክት ሁሉ አንድም ቦታ ‹እርስዎ› አላላቸውም። ቆጥሬዋለሁ እኮ!»

«ኧረ ‹ጋሼ› ነው የሚላቸው!» ወንድምዬው ሳያስበው አፈነዳው። «መኪናው ውስጥ ‹ጋሼ፣ ቀበቶዎን ይሰሩ›፣ ‹ጋሼ፣ መስኮቱን ልዝጋልዎ?› ነው። ‹አንተ› የሚጀመረው የቢሮው በር ላይ ስንደርስ ነው!»

አንጋፋው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«መልእክቱ የተላከው ከሞቱ በኋላ ስለ ሆነ፣ የጻፈው ገዳዩ ነው» አለች መርማሪዋ ረጋ ብላ። «የተላከው ደግሞ ወደ አንጋፋው የግል ስልክ ነው። መኪናው ውስጥ የሚሳፈር ሰው በሟቹ ስም ቢጽፍ ‹ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ› ይል ነበር። ‹አንተ› ብሎ የሚጽፍ ሟቹን በቢሮ መረጃ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ቁጥሩስ? የተነካካው ይህ ልጅ እንዲባረር ነው፤ የራሱን ውጤት የሚቀንስ ሰው ደግሞ አላየሁም። ያልተነካካውን ቁጥር በባለሙያ አስወጣሁት። የቸገረው ሁሉ የሚሄደው ወደዚህ ልጅ ነው። ማንም ወደ እሱ የማይሄድ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ከዚህ ልጅ ቀንሶ ለራሱ የጨመረውም እሱ ነው።»

የተንታኙ ፊት አመድ መሰለ። ሞካሪዋን ቅድም «አይዞሽ» ያላት ድምፅ ትዝ አላት።

«ሁሉንም የምለካው እኔ፣ ዜሮ ወጣሁ» አለ ቀስ ብሎ። «በሰው ፊት አታዋርደኝ ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ገፋሁት እንጂ… ልገድለው አልነበረም።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ መርማሪዋ ወደ ሞካሪዋ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ። ወንድምሽ አጠገብሽ አልነበረም። ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ብቻውን እንደ ነበር ራሱ ነግሮኛል» ብላ ወጣች።

እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ።

«እኔ እውነቱን ነው የነገርኳት» አለ። «አንቺ ምን አስዋሸሽ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ለእኔ ፈርተሽ ነው ወይስ እኔን ፈርተሽ?»

እንባዋ መጣ፤ መልሱ ግን አልመጣም። ወንድሟ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።