ስንት ቀደምን?

መሪ ጨብጬ አላውቅም። ሰው ለመጉዳት ግን መሪ መጨበጥ ግዴታ አይደለም፤ ምላስ ይበቃል። የኔ ምላስ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ፍሬን የለውም። ይህን የምጽፈው በየጠዋቱ ከሹፌር ጀርባ ተቀምጣችሁ «ንካው እንጂ» ለምትሉ ሁሉ ነው። እኔም ከእናንተ አንዷ ነበርኩና ቅር አይበላችሁ።

የምሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ፣ ሸሚዝ ክፍል ነው። ፋብሪካው ከከተማው አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ስለሚገኝ ሁለት ሰርቪሶች ያመላልሱናል። በሩ የሚዘጋው አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱም ሰርቪሶች ሁልጊዜ ከዚያ በፊት ይደርሳሉ፤ ማንም አርፍዶ አያውቅም። ታዲያ ምን ያሽቀዳድማችኋል ብትሉኝ፣ ማሽን ነው።

ሸሚዝ ክፍል ውስጥ የራሴ የሚባል ማሽን የለም። ቀድሞ የገባ በመስኮቱ በኩል ያሉትን አዳዲሶቹን ይይዛል፤ ወደኋላ የቀረ በግድግዳው በኩል የተደረደሩት አሮጌዎች ይጠብቁታል። አሮጌዎቹን «አማቶች» እንላቸዋለን፤ ምን ብታደርጊላቸው አይደሰቱም። ክር ይበጥሳሉ፣ ስፌት ይዘላሉ፣ ኮሌታ ያኮማትራሉ። ሸሚዙ ከጥራት ፍተሻ ሲመለስ ደግሞ ጥፋተኛዋ አማቴ ናት ማለት አይቻልም። የሚጻፈው ያንቺ ስም ነው።

የሰርቪሱ ቆጠራ የተጀመረው በዚህ የተነሳ ነው። ሹፌሩ መኪና ደርቦ ባለፈ ቁጥር ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንቆጥራለን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ፋብሪካው በር እንደርሳለን። የሌላኛው ሰርቪስ ሹፌር «መብረቁ» ይባላል። አንድ ቀን አሥራ አንድ መኪና ቀድሞ ገባ ተብሎ፣ እንደ ሠርግ ሳምንት ሙሉ ተወራለት። በኛ ሰርቪስ ቆጠራውን የምመራው እኔ ነበርኩ።

ምን ዋጋ አለው፣ የሚቆጠር ጠፋ። የኛን ሰርቪስ የተረከቡት አዲሱ ሹፌር ስድሳ የሚል ምልክት ባለበት መንገድ ላይ ከስድሳ በላይ ንቅንቅ አይሉም። ዕድሜያቸውም ወደዚያው ስለሚጠጋ፣ የኚህ ሰውዬ ዕድሜና ፍጥነት እኩል ነው እያልኩ አስቅባቸው ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ «እንቁላሉ» ብዬ ስም አወጣሁላቸው። በአንድ ቀን ሰርቪሱን ሞላው። እንቁላሉ ዛሬስ እግር አወጣ ወይ እየተባለ ይሳቃል። እሳቸው ይሰማሉ። ስፖኪዮው ላይ ዓይናቸው ከዓይኔ ይጋጠማል፤ መልሰው መንገዱን ያያሉ።

አንድ ጠዋት ሲሚንቶ ከጫነ ተሳቢ ጀርባ ተለጥፈን ስንጓዝ ትዕግሥቴ አለቀ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ለመቅደም ሲሆን እኮ ፍጥነት መጨመር ይፈቀዳል፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ ካለፉ በኋላ መልሰው ይቀንሱ አልኳቸው። ይህን የተናገርኩት እንደ ሕግ ዐዋቂ አገጬን ቀና አድርጌ ነው። ማን እንደነገረኝ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሚመስለው፣ ማንም ግን አንብቦት የማያውቅ ነገር ነው።

«ልጄ፣ ምልክቱ ላይ ስድሳ ይላል» አሉኝ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «‹ከሚቀድሙ በስተቀር› የሚል አላየሁበትም። አንቺ አንባቢ ነሽ ሲሉ እሰማለሁ፤ ካነበብሽ አሳዪኝ።»

ሰርቪሱ በሙሉ ሳቀ። በኔ። እሳቸው ሳቁን ከቁብ ሳይቆጥሩ ቀጠሉ። ተሳቢው በአምሳ ነው የሚሄደው። በስድሳ ልለፈው ብል ሃያ አምስት ሰኮንድ ያህል በሌላ ሰው መስመር ላይ እቆያለሁ፤ ከፊት የሚመጣውም ቆሞ አይጠብቀኝም፣ እሱም እየሮጠ ነው አሉ። «ያን ያህል ባዶ መንገድ ካልታየኝ መልሱ ነዳጅ መርገጥ አይደለም። መልሱ ከኋላ መቆየት ነው።»

እውነት ነበር። እኔ ግን ያሳቀብኝን ሰው እውነት ለመቀበል አልተፈጠርኩም። ፈሪ ሰው መሪ ሲይዝ መንገዱም ይዘጋል ብዬ ተቀመጥኩ። የተረታ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ታናሼ ናት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ስፌቱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፋብሪካው ለሦስት ወር ሙከራ ተቀብሏት ነበር። እጇ ከኔ ይበልጣል፤ ይህን ለሌላ ሰው በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ነገር ግን ከእንቁላሉ ሰርቪስ የሚወርድ ሁልጊዜ ዕጣው አማቶቹ ናቸውና፣ ሸሚዞቿ ስፌት እየዘለሉ ሁለት ጊዜ ተመለሱባት። ኃላፊዋ ጠርታ፣ የሙከራው ጊዜ አርብ ያበቃል፣ አርብ ዕለት አንድ ሸሚዝ ከተመለሰ ሰኞ አትምጪ አለቻት።

የዚያን አርብ ጠዋት እህቴ ከሹፌሩ ጀርባ፣ በቀኝ በኩል ባለው ሁለተኛ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። የመስኮቱን ብረት በቀኝ እጇ ጨብጣ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ መተላለፊያው ላይ ቆሜያለሁ። ገና ከከተማው እንደወጣን መብረቁ ክላክሱን እያንባረቀ በጎናችን ሽው ብሎ አለፈ። የሱ ሰዎች መስኮቱን እየደበደቡ «አራት!» ሲሉ ሰማን። አራተኛዋ እኛ ነበርን።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ወደ ሹፌሩ ጆሮ ጎንበስ አልኩ። ጮኼ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌላው ቀን ዝም ብለው ያልፉኝ ነበር፤ ቀስ ብዬ ስለተናገርኩ ሰሙኝ።

«ጋሼ፣ ያቺ እህቴ ናት። ዛሬ ጥሩ ማሽን ካላገኘች ትባረራለች። የርስዎ ልጅ ብትሆን እንዲህ ያዘግሙባት ነበር?»

ስፖኪዮውን ቀና አድርገው አዩዋት። የሴት ልጅ አባት መሆናቸውን አውቅ ነበር። ዐውቄ ነው የተናገርኩት።

የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ፍሬቻ አበሩ፣ አንዲት ቤት መኪና አለፉ። ሰርቪሱ ለአፍታ ደነገጠና «አንድ!» ብሎ ፈነዳ። ሁለተኛዋን አለፉ። «ሁለት!» እጅ ይጨበጨባል፣ ወንበር ይደበደባል፣ እንቁላሉ እግር አወጣ እያለ ሰው ይንጫጫል። እኔ ከትከሻቸው በላይ ሆኜ የፍጥነቱን መርፌ አያለሁ። ሰባ። ሰባ አምስት። ድልድዩን ተሻገርን። ከፊታችን ያው ሲሚንቶ የሚጭነው ተሳቢ፣ ከሱ ወዲያ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ በእጥፋቱ ጥግ ዛፎች ተደርድረዋል፣ ከዛፎቹ ወዲያ ምን እንዳለ አይታይም።

ያመነቱ መሰለኝ። እግራቸው ከነዳጁ ላይ ትንሽ ላላ፤ ተሰማኝ፣ ገላዬ ወደፊት አዘነበለ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ይበሏት» አልኩ።

ወጡ። የተሳቢው ጎማዎች በቀኛችን አንድ በአንድ ወደኋላ መቅረት ጀመሩ። መርፌው ዘጠናን ነካ። ይህን ያህል ረጅም መኪና አይቼ አላውቅም፤ አያልቅም። ሰዉ «ሦስት» ለማለት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የመጨረሻው ጎማ ላይ ስንደርስ... አይደለም፣ የፊተኛው ጎማ ላይ ነው፣ ነገሩ ዛሬም ይምታታብኛል፣ ከዛፎቹ ጥግ ችግኝ የጫነች ነጭ ፒክአፕ ብቅ አለች።

ሦስት ያለ ሰው የለም።

የተሳቢው ሹፌር ፍሬን ያዘልን፤ እግዜር ይስጠው፣ ባይዝ ይህን የሚጽፍላችሁ አይኖርም ነበር። ፒክአፗ ወደ ቦዩ ተወረወረች። ሹፌራችን መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዙ፣ ፍሬኑንም ረገጡ፤ ነገር ግን በዘጠና የሚሮጥ አርባ ሰው የጫነ መኪና ቁም ስላሉት አይቆምም። ከአስፋልቱ ወጥተን የመንገዱን ዳር የኮንክሪት ምሰሶ በቀኝ ጎናችን ፈገፈግነው። የመስታወት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እህቴ «እታለም፣ እጄ» አለች። ስትናገር ድምፏ እንደ ወትሮው ነበር።

የመስኮቱን ብረት የጨበጠው እጇ ነው። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ እዚያው ቀሩ።

ሆስፒታል መተላለፊያው ላይ፣ የቀለም ሽታ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ዶክተሩን ስጠብቅ ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ሹፌሩ ግንባራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ከማዶ ተቀምጠዋል። የፒክአፑ ሹፌር የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ውስጥ ነበር። ፖሊሱ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። ከሰዓታት በፊት እንደ መዘምራን ይቆጥር የነበረው አፍ ሁሉ፣ እኔ ተኝቼ ነበር፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ እኔ አላየሁም አለ። ሹፌሩ ግን ማንንም አልከሰሱም።

«እግሩ የኔ ነው» አሉ። «ማንም አልረገጠልኝም።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አልጠረጠረኝም። በዚህ ሁሉ ዘመኔ ለመናገር ከብዶኝ የሚያውቀው ያኔ ብቻ ነው። ተነስቼ፣ እግሩ የርሳቸው ነው፣ የረገጠው ግን የኔ ምላስ ነው፣ ይጻፍልኝ አልኩ። ፖሊሱ ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ሕግ ግን እግርን እንጂ ምላስን አይቀጣም። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው ሳይጭሩ የነዱት ሽማግሌ መንጃ ፈቃዳቸው ታገደ። እኔ ቅጣት ሳይነካኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ሂሳብ ሠርቻለሁ። ከእንቅልፍ ይልቅ ሂሳብ ስለሚያስታግሰኝ ነው። ሁለቱን መኪኖች ቀድመን ተሳቢው ጎን እስክንደርስ፣ በስድሳ ብንሄድ ኖሮ ከምንደርስበት ሰዓት ምን ያህል እንደቀደምን አሰላሁ። ደጋግሜ ብሠራው ሃምሳ ሰኮንድ እንኳ አልሞላም። አንድ የሸሚዝ ኮሌታ ለመስፋት የሚበቃ አይደለም።

ቤት ተቀምጬ ሳለቅስ ከረምኩ ብላችሁ አታምኑኝም፤ አልዋሽም። ኃላፊዋ ቢሮ ሄድኩ። ቀድሞ የገባ ጥሩ ማሽን ይይዛል የሚለው ልማድ የሰው ጣት በልቷል አልኳት። የአንድ ሰው ነው ብላ አረመችኝ። የሌላ ሰው እስኪበላ ልትጠብቂ ነው ወይ አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ማሽን በሳምንታዊ ተራ ሆነ፤ ስም ዝርዝሩ በር ላይ ይለጠፋል። አንድ ሳምንት መስኮት፣ አንድ ሳምንት አማት። ይህን ያህል ቀላል ነበር። እስከዚያ ድረስ ለመጠየቅ ማንም አላሰበም፤ እኔንም ጨምሮ፣ ምላሴ ሌላ ሥራ ላይ ነበራ።

እህቴ ከአራት ወር በኋላ ተመለሰች። መስፋት አትችልም፤ ጥራት ፍተሻ ላይ መደቧት። አሁን ስፌት የዘለለውን ሸሚዝ የምትመልሰው እሷ ናት።

ልማድ ግን ምክንያቱ ሞቶም በእግሩ ይቆማል። ባለፈው ሰኞ አዲስ የተቀጠረች አንዲት ልጅ፣ ደፋር፣ አፏ እንደ መቀስ የሚቆርጥ፣ በሽማግሌው ምትክ ከመጣው ወጣት ሹፌራችን ጀርባ ቆመች። ከፊታችን ተሳቢ አለ። «ምነው ወንድሜ፣ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?» አለችው። ስሙን ከየት እንደሰማችው እንጃ። ሰው ፈገግ አለ። ሹፌሩ ጆሮው ቀላ። ፍሬቻው ቷ ቷ ማለት ጀመረ፣ የሞተሩም ድምፅ ተለወጠ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የመቀመጫዬን ብረት ጨበጥኩ። ልጅቷ እጇን አንስታ ለቆጠራ ተዘጋጅታለች።

እህቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ቀኝ እጇን ከሹራቧ ኪስ አውጥታ በልጅቷ ፊት ዘረጋችው።

«መቁጠር ከወደድሽ ይህን ቁጠሪ» አለቻት። «ስንት ነው?»

ልጅቷ ለቆጠራ ያነሳችውን እጇን አወረደች። ሹፌሩ በስፖኪዮው አየ። ፍሬቻው ጠፋ። መርፌው ከስድሳ በታች ወርዶ ተሳቢው ጀርባ፣ ርቀታችንን ጠብቀን ተጓዝን።

እንግዲህ ከሹፌር ጀርባ የምትቀመጡ ሁሉ፣ ለመቅደም ሲባል የተፈቀደ ፍጥነት የለም። በተፈቀደው ፍጥነት ማለፍ የማይቻለውን መኪና አለማለፍ ነው። ይህን የማይሰማ ሹፌር ከገጠማችሁ ተናገሩት፤ የሚሰማ ሹፌር ከገጠማችሁ ደግሞ ምላሳችሁን ሰብስቡ።

ፋብሪካው ስንደርስ በሩ እንደተከፈተ ነበር።