ቆጥበህ አብራው

ከጎረቤቶቼ ጋር ግድግዳችን አንድ ነው። እነሱ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ እኔ ቤት ይሰማል፤ እኔ ሳስነጥስ እነሱ ቤት «ይማርሽ» ይላሉ። ስለዚህ ይህን ሁሉ ከየት ሰማሽው ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ጆሮዬ ረዝሞ ሳይሆን ግድግዳው ሳስቶ ነው።

ልጅቷ ሻማ ትሠራ ነበር። ፋብሪካ የሚያወጣውን ነጭና ቀጭን ሻማ ሳይሆን፣ ጣሳ ውስጥ የሚፈስሰውን የአኩሪ አተር ሰም። ሰሙ እንደ ሳሙና ፍርፋሪ ሆኖ በከረጢት ይመጣላታል። ድስት ውስጥ ውሃ ታሞቃለች፣ ውሃው ውስጥ ጆግ ታስቀምጣለች፣ ጆጉ ውስጥ ሰሙን ታቀልጣለች። ከዚያ ቴርሞሜትሯን ነክራ እንደ ሐኪም ቆማ ትጠብቃለች። ትኩሳቱ በረድ ሲል የሽቶ ዘይት ጠብ ታደርግና፣ ክሩ መሀሉ ላይ በቆመ ጣሳ ውስጥ ቀስ አድርጋ ታፈስሰዋለች። ክሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የእኔ የልብስ መቆንጠጫ ነው። በዚህ የተነሳ ስንት ጊዜ ልብሴን ከጭቃ ላይ እንዳነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«እትዬ፣ ነገ እመልስልሻለሁ» ትለኛለች።

«መልሺ መች አልኩሽ? ሻማሽ ሲሸጥ ለመቆንጠጫዎቼ ደመወዝ ትቆርጪላቸዋለሽ።»

«እሺ» ትላለች፣ ሳቋን በመዳፏ ጋርዳ።

እሺ። ይህች ቃል ከአፏ ጠፍታ አታውቅም። እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች አራት ዓመቷ ነው፤ መስኮቱን ዝጊ ስትላት እሺ፣ ወዲያው ደግሞ ክፈቺ ስትላት እሺ። ቤቱ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱ ምንም ይበል ምን መልሷ «እሺ ወንድም ጋሼ» ነው። ደንበኛ የሎሚ አዝዞ፣ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ በጽጌረዳ ቀይሪልኝ ሲላት እሺ። አንድ ቀን ብስጭት ብዬ «አንቺ ልጅ፣ እምቢ የሚባል ቃል ትምህርት ቤት አላስተማሩሽም?» ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«እሺ እትዬ፣ እማራለሁ።»

ልጁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መሰላሉ ከትከሻው ስለማይወርድ ሕንፃው በሙሉ ባለመሰላሉ ይለዋል። የእኛ ደረጃ በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ነው፤ ቆጣሪዎቹም የተሰቀሉት እዚያው ነው። አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ሄደብንና ተጠራ። የእጅ ባትሪው ደግሞ አልበራ አለው። መሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኖ «እባካችሁ ብርሃን የሚያቀብለኝ ሰው?» ሲል፣ እሷ በሯን ከፍታ የሚነድ ጣሳ ይዛ ብቅ አለች።

«ይሸታል» አለ ከላይ።

«ይቅርታ» ብላ ይዛው ልትመለስ ስትል፣

«ኧረ ቁሚ፣ ጥሩ ይሸታል ማለቴ ነው። ምንድን ነው?»

«የብርቱካን ልጣጭ።»

«ሻማ ነው የምትሸጪው?»

«አዎ።»

«በይ እንግዲህ፤ እኔ ሥራዬን በደንብ ከሠራሁ አንቺ ጦምሽን ማደርሽ ነው።»

«እሺ፣ ቀስ ብለህ ሥራ» አለችው።

እሱ ቁልቁል አየ፣ እሷ ሽቅብ አየች። ሁለት ብሎን ለማጥበቅ አንድ ሰዓት ፈጀ። መብራቱ ከመጣ በኋላም እሷ ሻማውን እንደያዘች ናት፤ እሱም አጥፊው አላላትም። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አንዴ ሳልኩ። የሰማኝ የለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሕንፃችን መብራት በሽተኛ ሆነ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳይታይ አይውልም። ባለመሰላሉ ሲመጣ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከየሥራ ቦታው ባዶ ጣሳ ይለቅምላታል። እጇን እንዳይቆርጣት የየጣሳውን አፍ በፒንሳ እያጠፈና እየደፈጠጠ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያለሰልስ አይቼዋለሁ። እሷ አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች። ብዙ አያወሩም። እኔ እንኳ ከግድግዳው ጀርባ ሆኜ አንድ ነገር በተናገሩ እላለሁ።

መጀመሪያ የተናገረው ወንድሟ ነው፤ ግን ስለ ሌላ ሰው። ሻማዋን እየተረከበ የሚሸጥላት የስጦታ ዕቃ ሱቅ ባለቤት አለ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጋ ያለ፣ ዕድሜው ከወንድሟም የሚበልጥ። «ላግባት ብሏል። ለእማም አስታማሚ ይቀጥርላታል። ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?» ሲል በግድግዳው በኩል ሰማሁ። የእሷንም መልስ ሰማሁ። ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

በሳምንቱ ባለመሰላሉ ሩቅ አገር፣ መስመር ዝርጋታ ላይ የሁለት ዓመት ሥራ አገኘ። የሚሄደው እሁድ ነው። ሰኞ ዕለት ደረጃው ላይ አገኛት። እኔ ደረጃ እየጠረግኩ ነበር፤ መጥረጊያዬ በጣም ቀስ ይል ነበር።

«ከመሄዴ በፊት ወንድምሽን ላነጋግረው? አብረሽኝ እንድትሄጂ። ለእናትሽም ቢሆን አንድ ክፍል አላጣላትም።»

«እሺ» አለች።

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ባለ ሱቁን አግቢ ሲሉሽስ ምን አልሽ?»

የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«እሺ ነው ያልሽው።»

«እማ ታማ... ምን ልበል?»

«አልወቀስኩሽም እኮ። ግን እሺ ካንቺ አፍ ስትወጣ ለማን እንደሆነች አትታወቅም። ለደንበኛውም እሺ፣ ለእኔም እሺ። ለእኔ ስትሆን ሌላ ነገር አድርጊልኝ፣ ለማንም አድርገሽው የማታውቂውን። ያኔ ይገባኛል። እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ። ካልሆነም አልቀየምሽም።»

ማክሰኞ ከእኔ ሚስማር ተዋሰች። ሥዕል ልትሰቅል ነው ብዬ የመዶሻ ድምፅ ብጠብቅ የለም። ይልቅ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ነገር ሰማሁ። አይጥ ገብቶባቸዋል አልኩና የራሴን ጓዳ ፈተሽኩ።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ጣሳ በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ሻማ ከተፈሰሰ በኋላ ሁለት ሳምንት ማረፍ አለበት፤ ካላረፈ ሽታው በደንብ አይወጣም። ይህን ያስተማረችኝ እሷው ናት።

«ይኼ እኮ ገና ትናንት የፈሰሰ ነው» አልኳት።

«ጊዜ የለም እትዬ። ለእሱ ስጪልኝ፣ ወንድም ጋሼ ዛሬ ቤት ነው የሚውለው። አደራ፣ ሁለት ነገር ንገሪው። መጀመሪያ ሲያበራው ላዩ ከዳር እስከ ዳር ሳይቀልጥ እንዳያጠፋው። ቶሎ ካጠፋው መሀሉን ብቻ ይቆፍርና ክሩ ይሰምጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቢለኩሱት አይነድም። ሁለተኛ፣ እስከ ዓርብ ይጨርሰው። እስከ ታች።»

«ታች ምን አለ?»

«ምንም። ብቻ ይጨርሰው።»

ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። ከዚህ በላይ ምን እንድትለኝ ኖሯል የምጠብቀው? ግን የእኔ ሐሳብ ያኔም ልጁ ላይ በምቀልደው ቀልድ ላይ ነበር።

ልጁን ምድር ቤት መሰላሉን ሲያጣጥፍ አገኘሁት። ጨርቁን ገልጦ አሸተተ። ብርቱካን ነው፤ በጣም ስስ።

«ምን አለችሽ?»

«ጆሮዋን ብታየው ባልጠየቅከኝ።»

«ስንት ቀን ይቆያል ይኼ?»

«እንደ አያያዝህ ነው» አልኩት። «ከወደዷት ልጅ የመጣ ሻማ እንደ ተራ ሻማ አይፈጅም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ቆጥበህ አብራው። ሁለቱን ዓመት ያደርስሃል።»

ሳቅን። የተላክሁትን ልነግረው አፌን ስከፍት አለቃው ከመንገድ ጠራውና መሰላሉን አንጠልጥሎ ሮጠ። ሲመለስ እነግረዋለሁ አልኩ። ሲመለስ ረሳሁት። ሐሙስ ትዝ አለኝ፣ እሱ አልነበረም። ዓርብ ደግሞ፣ የሻማ ነገር ምን ያቻኩላል አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሊሰናበት መጣ። እኔ እናትየዋ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ወንድሟም ወንበሩ ላይ። እሷ ያንን ቀን ፀጉሯን ተሠርታ ነበር። ውሃ በብርጭቆ ሰጠችው።

«ሻማውን አየኸው?» አለችው።

«አየሁት። አመሰግናለሁ።»

«ታዲያ?»

«ገባኝ» አለ። ውሃውን እያየ ነው የተናገረው። «በደንብ ገባኝ።»

ወደ ወንድሟ ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ ወደ እሱ። አሁን ይናገራል ብላ የምትጠብቅ ሰው እንዴት እንደምትቆም ታውቃላችሁ። እንደዚያ ቆመች። ወንድሟ ስለ ጉዞው ጠየቀው፣ ስለ አየሩ ጠየቀው። ልጁ ለሁሉም መልስ ሰጠ። ከዚያ ተነሳ፣ እናትየዋን ግንባሯን ሳመ፣ ወደ ልጅቷ ዞሮ «ደህና ሁኚ» አላት።

«ደህና ሁን» አለችው። ብርጭቆውን ስትቀበለው ውሃው ገና ሙሉ ነበር።

እሁድ፣ አውቶብሱ ከሄደ በኋላ፣ በሬ ላይ መጣች።

«እትዬ፣ እስከ ታች እንዲጨርሰው ነግረሽዋል አይደል?»

ለሻማ ብላ ምን ያስጨንቃታል አልኩ። እንዳትከፋብኝም ፈለግኩ።

«ነገርኩት እንጂ» አልኳት።

«እሺ» አለች።

በሁለተኛው ወር አገባች። ድስቱን፣ ጆጉንና ቴርሞሜትሩን እኔ ቤት አስቀምጣ ሄደች፤ መቆንጠጫዎቼንም ቆጥራ፣ አጥባ መለሰችልኝ። ባለ ሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ቤት ውስጥ ሰም ሲቀልጥ ራሱን ያመዋል። አሁን ለሱቁ የሚያመጣው የፋብሪካ ሻማ ነው።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ረፋድ የሳሎኔ ሶኬት እሳት ሲተፋ ሰው ጥሩልኝ ብል፣ መሰላል ይዞ የመጣው እሱ ሆነ። ለዕረፍት መጥቶ ኖሯል። ፀሐይ አክስሎታል፣ ከስቷል። ከዕቃ ቦርሳው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ከሄድኩ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው» አለ። «በሦስተኛው ቀን ነው የጠፋብኝ፤ ክሩ ሰመጠ። እሷ ትጠግነው ይሆን ብዬ ነው።»

እንዳገባች ነገርኩት። የሦስት ወር ልጅ እንዳላትም።

«ባለ ሱቁን?»

«እሱን።»

ጨርቁን ፈትቶ ጣሳውን ወደ እኔ አስጠጋው። ከዚያ «አንቺስ ትችይበታለሽ?» አለኝ።

ድስቷን አወረድኩ። ውሃ አሞቅኩ። ጣሳው ዳር ዳሩ ሙሉ ነው፤ መሀሉ ላይ ጣት የምታህል ጉድጓድ አለች፣ በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ የተቆፈረች። ሰሙ ሲቀልጥ ወደ ሌላ ጣሳ ገለበጥኩት። ባዶውን በጨርቅ ስወለውለው ጣቴን አንድ ነገር ቧጠጠኝ። ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት።

ከጣሳው ወለል ላይ፣ በሚስማር ተቧጥጦ፣ እንዲህ ይላል፦

«እሺ። ይቺኛዋ ላንተ ብቻ ናት።»

ልደብቀው አሰብኩ፣ አልዋሽም። ግን ከኋላዬ ቆሞ አንብቦት ነበር። ጣሳውን ከእጄ ወስዶ ፊደሎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው፣ አንድ በአንድ።

«መቼ ነው የጻፈችው?»

«ማክሰኞ። ሚስማሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ።» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩ። «ሁሉንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እስከ ዓርብ ይጨርሰው በይው ብላኝ ነበር። እኔ ቆጥበህ አብራው አልኩህ። ለእሷም ነግሬዋለሁ ብዬ ዋሸኋት።»

ቢሰድበኝ በወደድኩ። መሬት ላይ ተቀምጦ ሶኬቱን ፈታ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ቆረጠ፣ አዲሱን አሰረ።

«እኔ እኮ» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ «መንገድህን ያብራልህ ብላ የሸኘችኝ ነው የመሰለኝ። ለማንም የማታደርጊውን አድርጊ አልኳት፣ አደረገች። እኔ ደግሞ እንዳያልቅብኝ ፈራሁ።»

ብሎኖቹን አጠበቀ። መብራቱን ሞከረው፣ ሠራ።

«ደስተኛ ናት?»

«ደህና ናት» አልኩት። የጠየቀኝ ሌላ፣ የመለስኩት ሌላ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

«እንዳትነግሪያት እትዬ። አሁን ጥሎኝ ሄደ ብላ ተቀይማኝ ይሆናል። መቀየሙ ይሻላታል።»

«እሺ» አልኩት። ይህች ቃል እንዲህ እንደምትከብድ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

ጣሳውን ይዞ ሄደ። ሰሙ እኔ ዘንድ ቀረ። አዲስ ክር አቁሜለት፣ በመቆንጠጫ አስይዤ መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ባለፈው ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ መጣች፤ እኔንም ሳትስም አትሄድም። ሕፃኑን አስታቅፋኝ ቤቴን ስታይ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ቀረ።

«ሻማ ጀመርሽ እንዴ እትዬ?»

«እንዲያው ለሙከራ ነው።»

ጣሳውን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ያኔ ሳያርፍ የተላከ ሻማ ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ አርፎ አሁን የብርቱካን ልጣጩ ክፍሉን ሞልቶታል። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። እኔ ሕፃኑን እሹሩሩ እላለሁ፤ ሕፃኑ ግን እያለቀሰ አልነበረም።

ምንም አልጠየቀችኝም። ጣሳውን በቦታው መለሰች፣ ያዘመመውን ክር በሁለት ጣቷ አቃናችው፣ ልጇን ተቀበለችኝ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ሳትል፣

«መጀመሪያ ስታበሪው ከዳር እስከ ዳር ሳይቀልጥ እንዳታጠፊው» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ያኔም ነግራኝ ነበር።