ዝም ያለው የኋላ ደረጃ

አቶ ታረቀኝ የሞተው አዲሱ ቤቱ ሊመረቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የሰርግ መዝሙር በየክፍሉ እየተሰማ ነው።

ኢንስፔክተር ቆንጅት ስትደርስ አስከሬኑ ከኋላ ደረጃው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥቁር የስፒከር ሽቦ ተጠምጥሟል። ሳጅን አብዲሳ ምርመራውን ጨርሶ ጠበቃት።

«ነገሩ ግልጽ ነው። ቴክኒሻኑ ሽቦውን ደረጃ ላይ ዘርግቶ ተወው፣ ሰውዬው ተጠልፎ ወደቀ። በቸልተኝነት ሰው መግደል። ልጁን አስሬዋለሁ።»

«ምሳ በልተሃል?»

«የምን ምሳ፣ ኢንስፔክተር?»

«ለካ ለዚህ ነው የቸኮልከው።»

ተንበርክካ ሽቦውን አየችው። ከዚያ ደረጃውን ወጣች። የተዘረጋው ሽቦ ሁሉ በግድግዳው ጥግ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አልፏል፤ በየጫፉም ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ የክፍሉ ስም ተጽፎበታል፦ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ኩሽና፣ ሰገነት፣ የኋላ ደረጃ። ሟቹ እግር ላይ ያለው ሽቦ ግን ስም የለውም። ጫፉም እንደሌሎቹ በፒንሳ አልተቆረጠም፤ በቢላዋ ተከርክሟል።

«አብዲሳ፣ አንተ በገመድ ተጠልፈህ ታውቃለህ?»

«ስንት ጊዜ!»

«ገመዱ እግርህን ሁለት ዙር ጠምጥሞህ ያውቃል?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ዙሮቹን ቆጠረ።

ቆንጅት ወደ ግድግዳው ቀና አለች። ስፒከሩ ከፍ ብሎ እንደተሰቀለ ነው። ከሥሩ፣ እጅ በሚደርስበት ላይ፣ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ከውስጡ በፕላስተር የታሰሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል።

*

ቴክኒሻኑ ነብዩ ፖሊስ ጣቢያ ወንበር ላይ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ከዲላ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው ነበር። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«ሥራህን አስረዳኝ። ምንም እንደማላውቅ ቁጠረኝ» አለችው።

«አንድ ዋና ማሽን አለ። መዝሙርም ፊልምም ከሱ ተነሥቶ ወደየክፍሉ ይሄዳል። አንዱን ክፍል ዘግቶ ሌላውን መክፈት ይቻላል።»

«በምን?»

«ግድግዳ ላይ በሚገጠም ቁልፍ። ግን ቁልፎቹ ከአዲስ አበባ አልደረሱም። ለጊዜው በስልክ ብቻ ነው።»

«በማን ስልክ?»

«በእኔና በጋሽ ታረቀኝ። ግን የቤቱን ዋይፋይ የያዘ ሰው ሁሉ መተግበሪያውን መጫን ይችላል። ርካሹን ማሽን ነው የገዙት፤ ማን እንዳዘዘው አይመዘግብም።»

«ሲወድቅ የት ነበርክ?»

«ጣሪያ ላይ፣ ዲሽ እያዞርኩ። ስልኬ ሳሎን ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ለሙከራ የሰርግ መዝሙሩን ያጫውት ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ኢንስፔክተር፣ እናቴ ገደብ ከተማ ገበያ ቆማ ነው ያስተማረችኝ። እስር ቤት መግባቴን ብትሰማ...»

«እናትህን ተዋት፣ ስለ ሰውዬው ንገረኝ። የተለየ ያዘዘህ ነገር ነበር?»

ነብዩ አሰበ። «ፍላሽ ሰጥቶኝ ነበር። ውስጡ ያለው ፊልም እሑድ በሁሉም ቴሌቪዥን እኩል ይውጣ ብሎኝ ማሽኑ ላይ ገለበጥኩት። ፍላሹን መልሼለታለሁ።»

«አየኸው?»

«አትየው ብሎኛል።»

«አላየኸውም?»

«ጋሽ ታረቀኝ ካዘዘ አዘዘ ነው።»

ሟቹ ኪስ ውስጥ ፍላሽ አልተገኘም።

*

ወይዘሮ ገበያነሽ፣ የሟቹ ሚስት፣ ያን ሰዓት ሳሎን ሆና የመጋረጃ ልክ ትወስድ ነበር።

«የልጁ ስልክ እዚያ ማሽኑ ላይ፣ የታረቀኝ ደግሞ ቻርጅ ላይ። ሁለቱም ዐይኔ ሥር ነበሩ። ዝንብ አልነካቸውም፣ ልጄ።»

«የእርስዎስ ስልክ?»

ገበያነሽ ከመቀነቷ በላስቲክ የታሰረች ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣች። «ይቺ? ይቺማ ሲደወልላትም በልመና ነው የምትጮኸው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም በፍቃዱ ከወናጎ ወጣ ብሎ ያለውን የቤተሰቡን የቡና ማጠቢያ የሚያስተዳድር፣ እሑድ ደግሞ እጅ ተጭኖበት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ሊሾም የነበረ ሰው ነው።

«ሰገነት ላይ ወንበር እደረድር ነበር» አላት። «መዝሙሩ ስለሚጮህ ምንም አልሰማሁም።»

«ማሽኑን መዝጋትና መክፈት ያውቁበታል?»

«እኔ? ቡና ሳጥብ የኖርኩ ሰው ይህን የት አባቴ ዐውቄ! የኔ ስልክ ሃሎ ለማለት ነው።»

ሃሎ ለማለት ብቻ የተያዘው ስልክ መዳፍ የሚሞላ፣ ባለ ሦስት ካሜራ ነበር። ቆንጅት ልብ አለችው።

መጨረሻ ላይ ኩሽና ገባች። ሬሳውን ያገኘችው የቤቱ ሠራተኛ ቦንቱ እዚያ ነበረች።

«እኔ ዕቃ አጥባለሁ። ደረጃ ጋ ዱብ አለ። ስፒከር የወደቀች መሰለኝ።»

«ለምን ስፒከር መሰለሽ?»

«ድምፅ ጠፋቻ! እዚህ ኩሽና መዝሙር አለች፣ እዚያ ደረጃ ጋ ጭጭ።»

«ቆይ፣ በደንብ አስቢ። ዱብ እንዳለ ወዲያው ጠፋ?»

ቦንቱ ዐይኗን ጨፈነች። «አይ። ዱብ አለ። መዝሙር አለች፣ ጭብጨባውም አለች። ትንሽ ቆየችና ጠፋች። እኔን ሰበርሽ እንዳይሉኝ ፈርቼ ዕቃዬን ጨረስኩ። ኋላ ሄጄ አየሁ...»

ቆንጅት የቀረውን አላስጨረሰቻትም። ከሰው ጋር ሊነጋገር ፈልጎ መዝሙር የሚዘጋ፣ ከመውደቁ በፊት ይዘጋል። ይህ ግን የተዘጋው ከወደቀ በኋላ ነው። ሙት ደግሞ መዝሙር አይዘጋም።

*

እሑድ ለምርቃት የተተከለው ድንኳን የለቅሶ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ቆንጅት ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰበች። አብዲሳ ነብዩን በካቴና ይዞ ሲገባ በፍቃዱ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ወንድሜን የገደለውን ልጅ ለቅሶ ቤት ታመጡታላችሁ? ነውር አታውቁም?»

«ይቀመጡ፣ አቶ በፍቃዱ። አንድ ነገር እናያለን፣ ከዚያ እንሄዳለን።»

አብዲሳን በዐይኗ ጠቀሰችው። ሳጅኑ የነብዩን ስልክ ነካክቶ ሁሉም በሚያየው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ቆንጅት የሟቹን ስልክ አጠገቡ አስቀመጠች።

ከቤቱ ወዲያ ጫፍ፣ ከኋላ ደረጃው፣ ከበሮ ተመታ። ጭብጨባ ተከተለ። ያው የሰርግ መዝሙር።

ገበያነሽ ደረቷን ይዛ «ኡኡ!» አለች። ቦንቱ ጆሮዋን ደፈነች። ደጅ ያሉ ለቀስተኞች ማጉረምረም ጀመሩ። አብዲሳ ላብ አጠመቀው፤ ይዘጋ ለማለት ግን አለቃውን አልደፈረም። መዝሙሩ አንድ አዝማች ጨረሰ። ሁለተኛውን ጀመረ።

ድንገት ጠፋ።

ሁሉም ጠረጴዛውን አዩ። ስልኮቹን ማንም አልነካቸውም። ነብዩ የታሰሩ እጆቹን ብድግ አደረገ። «እኔ አይደለሁም!»

«ዐውቃለሁ» አለች ቆንጅት። «አቶ በፍቃዱ፣ ቀኝ እጅዎን ከጋቢው ውስጥ ያውጡ።»

እጁ በቀስታ ወጣ። በእጁ የያዘው ስልክ መብራት ገና አልጠፋም ነበር።

«እና ምን ይሁን?» ጮኸ በፍቃዱ። «ለቅሶ ቤት የሰርግ መዝሙር! ሰው አይደላችሁም እንዴ?»

«ልክ ነዎት። ሬሳ ባለበት የሰርግ መዝሙር አያስችልም። ሐሙስም አላስቻለዎትም።»

በፍቃዱ ስልኩን ወደ ጋቢው መለሰ።

«ሽቦው ለማስመሰል ነው» አለች ቆንጅት። «ነብዩ ሽቦ በፒንሳ ይቆርጣል፣ ስም ይለጥፍበታል። ይሄ በቢላዋ ተቆርጦ፣ ስም ሳይኖረው፣ የሞተ ሰው እግር ላይ ሁለት ዙር ተጠመጠመ። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ ነበር። ቦንቱ ዱብታውን ሰማች፤ መዝሙሩ ትንሽ ቆይቶ በዚያ ደረጃ ብቻ ዝም አለ። ስፒከሩ ደኅና ነው፣ ቁልፉ ገና አልተገጠመም፤ ስለዚህ የዘጋው ስልክ ነው። ሁለቱ ስልኮች በወይዘሮ ገበያነሽ ዐይን ሥር ነበሩ። የእሳቸው ለዚህ አይበቃም። ቦንቱ ዘግታው ቢሆን ኖሮ ስለ ዝምታው ባልነገረችኝ። የቀረው ‹ሃሎ ለማለት ነው› የተባለው ስልክ ነው። ቤቱን በሙሉ ቢዘጉት ሰው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ሟቹ ያለበትን ብቻ ዘጉት።»

«ወንድሜን ለምን እገድላለሁ?»

«አብዲሳ፣ ክፈተው።»

ትልቁ ቴሌቪዥን በራ። በማጠቢያው ግቢ በፍቃዱ ቆሞ፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ ርካሽ ቡና የራሳቸው አስመስሎ ከራሳቸው ቡና ጋር ያስቀላቅላል፤ ሠራተኞቹን «ቶሎ በሉ!» እያለ ያጣድፋል።

«ፍላሹን ከኪሱ ወሰዱት» አለች ቆንጅት። «ማሽኑ ላይ መገልበጡን ግን አላወቁም።»

በፍቃዱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ለመንኩት። ሽማግሌ ሊያደርጉኝ ነው፣ ምርቃቱ ላይ በጉባኤው ፊት አታዋርደኝ አልኩት። ‹ራስህ ተናገር፣ ያኔ እተወዋለሁ› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲወርድ... ገፋሁት። ጎንበስ ብዬ ሳየው አይተነፍስም። ከላዩ ስፒከሩ ውስጥ ያጨበጭባሉ። እልል ይላሉ። አልቻልኩም።»

ገበያነሽ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች።

«ወንድምህን ገድለህ፣ ያሳፈረህ መዝሙሩ ነው?»

ቆንጅት ካቴናውን ከነብዩ እጅ ፈታች፣ በፍቃዱ እጅ ላይ ቆለፈችው። ነብዩ አንጓውን እያሻሸ ወደ ማሽኑ ሄደ፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው በፍቃዱ አሁንም «ቶሎ በሉ!» ይላል። ሶኬቱን ነቀለው።