ራሰ ነጭ ዳክዬ

የክብሩን አስከሬን ያገኙት በማለዳ፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ራቅ ብሎ ባለው አሮጌ የእንጨት ድልድይ ሥር፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ እንደደፋ ነው። ጥር ነበር፤ አውሮፓ ሲበርዳት ወፎቿ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚሰደዱበት ወር። ክብሩ የከተማዋን ጥቂት ወፍ ተመልካቾች ያሰባሰበ ጡረተኛ መምህር ነበር። ሩቅ የሚያይበት ባይኖኩላሩ አንገቱ ላይ ነው፤ የዓይን መነጽሩ ተሰብሮ አጠገቡ ባለ ድንጋይ ላይ ተገኘ።

ፖሊሶች እስከ ምሳ ሰዓት «ገዳዩን» ይዘው ጨረሱ። ኑሪ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ነው። ክብሩ ወፎች ተጠልፈው የሞቱበትን መረቡን በቢላ ሲቆርጥበት፣ ኑሪ «አንተንም ውሃው ይብላህ!» ሲለው ገበያው በሙሉ ሰምቷል። ሰው ተናዶ የተናገረው ሁሉ ቢደርስ ኖሮ ሐዋሳ ውስጥ የሚተርፍ አይኖርም ነበር። ምዝግዝግ ወዲያ፣ ቆቅ ወዲህ ማለት ይኸው ነው።

ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ጉዳዩን ልትረከብ ስትመጣ የኑሪ እናት ወይዘሮ ሙንተሃ ጣቢያው በር ላይ መሬት ተቀምጠው ነበር። ቀሚሷን ጨምድደው ያዙ።

«ልጄ፣ ነገ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው። ገድያለሁ ብሎ ሊፈርም ነው! ከሱ ሌላ ማንም የለኝ። ወላሂ፣ ዶሮ ማረድ የሚፈራ ልጅ ነው!»

«ዓሣ አስጋሪ ሆኖ?»

«ዓሣ አይጮህማ!»

ሙሉጌጥ ኑሪን አነጋገረችው። አልገደልኩም አለ፤ ቢሆንም ልፈርምና ልገላገል አለ። ለምን ብላ ብትጠይቀው ግድግዳውን ማየት ቀጠለ። ሐኪሙ ደግሞ ክብሩን የገደለው የራስ ቁስሉ ሳይሆን ውሃው መሆኑን ነገራት።

ወደ ወፍ ተመልካቾቹ ማኅበር አባላት ዞረች። ታቢታ ነርስ ናት፤ ስታለቅስ መነጽሯን ደጋግማ ትጠርጋለች።

«ባይኖኩላሩን ለሰው ያውሳል?» አለቻት ሙሉጌጥ።

«ጋሽ ክብሩ? ዓይናቸውን ስጡ ቢባሉ ይቀላቸዋል! ወፍ ላሳይዎት ለሚል ሰው ብቻ ነው የሚሰጡት። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ማታ እንኳ ፔሊካን ሲያዩበት አጠገባቸው ቆሜ አላስነኩኝም።»

አቶ ግዛቸው ደግሞ የክብሩ የልብ ጓደኛ ናቸው። ወፍራም መነጽራቸውን ሳያወልቁ ተነፈሱ። «እሁድ ስለ ራሰ ነጭ ዳክዬ አንድ ነገር እነግራችኋለሁ ብሎን ነበር። እዚህ ሐይቅ ላይ ታይቶ የማያውቅ ወፍ ነው። አባላችን አልአዛር አገኘሁት ብሎ ፎቶውን አሳየን፤ ከውጭ አገር ጎብኚዎች ሊመጡለት ነው።»

አስጎብኚው አልአዛር ዓይኑ እስኪያብጥ አልቅሷል። «እኔ በማለዳ ርቄ ቡሹሎ ሄጄ ነበር፣ ለእንግዶቼ መንገድ ሳይ። ጋሽ ክብሩ አባቴ ነበሩ» አለ። ለቅሶው እውነተኛ ነበር፤ ያስቸገራትም ይኸው ነው።

ሙሉጌጥ ብቻዋን ሆና ባይኖኩላሩን አገላበጠችው። የመስተዋቱ ክዳኖች ተከድነዋል። ዓይን የሚያርፍበት ጎማ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቷል።

በማግስቱ፣ ፍርድ ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ሁሉንም ድልድዩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ኑሪ በካቴና መጣ፤ እናቱ ከኋላው ናቸው። ሙሉጌጥ ክዳኑን ከፍታ ባይኖኩላሩን ሰጠቻቸው።

«ተራ በተራ ወደ ሐይቁ እዩበት።»

አቶ ግዛቸውም ታቢታም ከማየታቸው በፊት ጎማውን ወደ ታች አጠፉት፤ ሲጨርሱ ሳያስቡት ክዳኑን ከደኑ። ሙሉጌጥ በየመሀሉ ጎማውን መለሰችው፣ ክዳኑንም ከፈተችው። ኑሪ አይቶ እንደተከፈተ መለሰላት። አልአዛር ጎማውን ሳይነካ አየ፤ አይቶም ከደነው።

«አሁን ልብ በሉ» አለች። «ሰው ወፍ እያየ ከወደቀ ባይኖኩላሩ ክፍት ይሆናል። ይኼ ተከድኗል። ሳትከድኑ አትመልሱ ብሎ ያስተማራችሁ ማን ነው?»

«ጋሽ ክብሩ» አለች ታቢታ።

«ስለዚህ አንገቱ ላይ የመለሰው ከእናንተ አንዱ ነው። ኑሪ መከደኑን አያውቅም። ክብሩ ደግሞ መነጽር ያደርጋል፤ ሲወድቅም አድርጎት ነበር፣ ድንጋዩ ላይ ተሰብሯል። መነጽር ያለው ሰው ጎማውን ያጥፋል፣ አለበለዚያ አጥርቶ አያይም። ማታ ፔሊካን ያየበት ክብሩ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ መነጽር የሌለው ሰው አይቶበታል። ወፍ አሳይሃለሁ ያለ ሰው። ያለ መነጽር የሚያይ አባል ስንት ነው?»

ሁሉም ወደ አልአዛር ዞሩ። እሱም የድልድዩ ጣውላ ላይ ተቀመጠ።

«ዳክዬው የለም» አለ። «ፎቶው የሌላ አገር ነው። እንግዳ ከጠፋ ቆየ እኮ! ልጆቼን ምን ላብላቸው? ጋሽ ክብሩ አሳየኝ ብለው ይዘውኝ መጡ። በባይኖኩላራቸው ፈለግኩ፣ ፈለግኩ… እሁድ ለሁሉም እናገራለሁ ሲሉኝ ገፋኋቸው። ድንጋዩ መታቸው። ሞተዋል ብዬ፣ ባይኖኩላሩ እጄ ላይ እንዳይገኝ አንገታቸው ላይ መለስኩት።»

«አልሞተም ነበር» አለች ሙሉጌጥ። «ሐኪሙ የገደለው ውሃው ነው ብሏል፤ ነቅቶ ከድንጋዩ ሳይንሸራተት አልቀረም።»

አልአዛር ፊቱን በእጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ጮኸ።

ሙሉጌጥ የኑሪን ካቴና ፈታች። «ነፃ ነህ።»

«አልሐምዱሊላህ! ና ልጄ፣ ቤትህ ግባ!» እናቱ ክንዱን ጎተቱት። ኑሪ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ጠርተውኝ ነበር» አለ።

«ማን?» አለች ሙሉጌጥ።

«ጋሽ ክብሩ። ያን ማለዳ ጀልባዬ ቅርብ ነበር። ኑሪ! ኑሪ! አሉኝ። ስለ መረቡ ሊጮሁብኝ መስሎኝ…»

«ዝም በል!» ወይዘሮ ሙንተሃ አፉን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ዝም በል ልጄ፣ ተፈተሃል እኮ!»

እጃቸውን ቀስ አድርጎ ከአፉ አነሳ።

«ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቀዘፍኩ» አለ።