የመሻገሪያው ቀን መጋረጃ

መድፍ በበሬ በሚጎተትበት፣ መልእክት በፈረስ በሚላክበት በዚያ በቀድሞው ዘመን፣ ከታላቁ ጦርነት በኋላ በሃያ አምስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ጭቃውን አዝቅጦ ጠርቶ ነበር፤ በወዲህኛው ዳር ከቆመው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ መስኮቷ ወደ ውሃው በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያለች ጠላፊ ቀይ የከፋይ ጨርቅ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥራ ጎንበስ ብላለች።

በማግስቱ የመሻገሪያው ቀን ይከበራል። የከተማው ሹም በቤተ መቅደሱ የሚሰቀል መጋረጃ አዝዘዋት ነበር፤ ቃሉንም ራሳቸው ሰጥተዋታል፦ «በዚህ ቀን እግዚአብሔር አንድ ሰው ሳይጎድል አሻገረን።» ሁሉን ጠልፋ ጨርሳለች፤ «ሳይጎድል» የምትለዋ ቃል ብቻ በጠመኔ ተነድፋ ባዶዋን ቀርታለች። መርፌው እዚያ ሲደርስ እጇ እምቢ ይላል።

ባሏ ጀልበኛው፣ ሹሙ ያሰፉለትን ካባ ደርቦ ገባ።

«እስቲ እዪኝ፤ ሰው መስያለሁ ወይስ ካባ የደረበ ጆንያ?»

«ጆንያ እንኳ ዝም ይላል፤ አንቱ ከጠዋት ጀምሮ አላረፉም።»

«ምን ላድርግ፤ ከሹሙ ቀኝ ትቀመጣለህ ተባልኩ። መድፍ ያላሰመጣትን ጀልባዬን ነገ በምስጋና ሊያሰምጧት ነው።» ወደ ክፈፉ ጠጋ አለ። «ይቺ ቦታ ገና ናት? ክር አነሰሽ?»

«ክርስ ሞልቷል» አለችው፤ እሱም እየሳቀ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጆቼ። ከተማው ድሮ በወዲያኛው ዳር ነበር። ጠላት ሰፈሩን እያቃጠለ በመጣ ጊዜ፣ ይህ ጀልበኛ በአንዲት ሰፊ ጀልባ ሲመላለስ ውሎ ሕዝቡን አሻገረ። እሷ ያን ጊዜ ሙሽራ ነበረች፤ በቤቷም አንዲት ሠራተኛ ነበረቻት፤ ከሩቅ አገር በስደት የመጣች፣ ወገን የሌላት። የታዘዘችውን ሁሉ «እሺ» ስለምትል፣ ስሟን የጠየቀ ሳይኖር «እሺ» ተብላ ቀረች። የመጨረሻው ጭነት ሊነሳ ሲል ሙሽራይቱ ከጀልባው ላይ ሆና «የሰርግ ቀሚሴ ሣጥኑ ውስጥ ቀርቷል፤ ሮጠሽ አምጪልኝ» ብላ ላከቻት። ልጅቱ እንደሄደች ጭሱ ቀረበ፤ ጀልበኛው መቅዘፊያውን አንስቶ «የቀረ ሰው አለ?» አለ። ሚስቱም «የለም» አለች።

በወዲህኛው ዳር ወርደው ሰው ሲቆጥሩ እናት ልጇን፣ ወንድም ወንድሙን አገኘ፤ እሺን የሚፈልግ ግን አልነበረምና ሁሉም ደኅና ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሕዝቡ ሲያመሰግን እሷ አንገቷን ትደፋለች፤ ሰውም ጸሎተኛ ናት ይላል። ለንስሐ ገብታ ስለ ምላሷ፣ ስለ ቁጣዋ ተናግራለች፤ እዚያች ላይ ስትደርስ ግን ዘልላ ታልፋለች። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ በገዛ እጅ፣ በወርቅማ ክር፣ በእግዚአብሔር ቤት ሐሰት መጻፍ ሌላ ነው። እውነቱን ብትጽፍ ደግሞ የባሏ ክብር ይወድቃል፤ ስሙ ያረፈው በዚህችው ቃል ላይ ነውና።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል፣ የ«ሳይ»ን ሁለት ፊደል በመዳፏ ጠርጋ በስፍራው አንዲት ፊደል ብቻ ነደፈች፤ «ሲ»። ከዚያ ሳታቋርጥ ጠለፈች።

ባሏ ተመልሶ መጣ። «አለቀ? በይ አንብቢልኝ፤ በፊደል ነገር እኔ ዓይን እያለኝ ዕውር ነኝ።»

ልታታልለው ትችል ነበር። በጣቷ እየተከተለች አነበበችለት፦ «በዚህ ቀን እግዚአብሔር አንድ ሰው ሲጎድል አሻገረን።»

ጀልበኛው ካባውን አውልቆ በወንበሩ ላይ አኖረው። «እሺን ማለትሽ ነው» አለ።

«ለቀሚስ ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። አንቱ «የለም» ያልኩዎትን አምነው ነው የሄዱት።»

«አላመንኩሽም» አላት። «ከዳር ሆና ስትጣራ ሰምቻታለሁ። ብመለስ ሁላችንም እናልቃለን ብዬ ፈራሁ፤ እሱስ ይሁን። ነገር ግን ያን ያህል ውሃውን በመቅዘፊያ የደበደብኩት ለመፍጠን ብቻ አይደለም፤ ድምፅዋን እንዲውጥልኝ ነው። አንቺም ሰምተሽ ይሆን እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ ስሰጋ ኖርኩ።»

«ክሩን ልፍታው? ገና ጊዜ አለ» አለችው።

«ተዪው።»

በማግስቱ መጋረጃው ተሰቀለ፤ ሕዝቡም በልማድ «ሳይጎድል» እያለ አነበበው። ጀልበኛው ከሹሙ ቀኝ አልቀመጥም ብሎ በጉባኤው ፊት ቆመና «ወገኖቼ፣ አታመስግኑኝ። አንዲት ሴት ስትጣራ እየሰማሁ ትቻት መጥቻለሁ» አለ። ሕዝቡ አለቀሰ። ሹሙም «ይህን ሁሉ ነፍስ አድኖ ስለ አንዲት ነፍስ የሚያዝን፤ እነሆ ትሕትና» ብለው ሊመልስ የያዘውን ካባ ተቀብለው በገዛ እጃቸው ደረቡለት። ንስሐው ሙገሳ ሆኖበት ተቀመጠ።

መጋረጃውን ፊደል በፊደል ያነበበው ካህኑ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ሲበተን ወደ ባልና ሚስቱ መጣ።

«እኛ ዓመት ቆጥረን በዓል የምናደርገው ስለተረፍነው ነው» አላቸው። «ጌታችን ግን ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው ወደ ጠፋችው ነው። መታሰቢያችን ከእርሷ ካልጀመረ ጭብጨባ ሆኖ ይቀራል። ስሟን ንገሩኝ፤ በጸሎት ልጥራት።»

ሁለቱ ተያዩ። የሚሰጡት ስም አልነበራቸውም፤ ሚስቲቱም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያልወረደ እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ።

የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች የጀልባዋን ስፋት፣ የመድፎቹን ብዛት፣ የሹሙንም ንግግር ከነማዕረጋቸው ጽፈዋል፤ ስለ መጋረጃው ግን «ጠላፊዋ ዓይኗ ደክሞ ፊደል ስታለች» ብለው አልፈዋል። አልፈርድባቸውም፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚጠይቀው የተረፉትን ነው፤ የቀረውማ ከየት ተገኝቶ ይናገራል። ባልና ሚስቱ ካረፉ በኋላ፣ በሃምሳኛው ዓመት በዓል፣ አሮጌው መጋረጃ ወርዶ በአዲሱ ላይ «ሳይጎድል» ተብሎ በትልልቁ ተጠለፈ፤ የበዓሉም ጸሐፊ «የቆየው ስህተት በዛሬው ቀን ታርሟል» ሲል ጻፈ።